ስለ ጥናት ጽሑፍ አዘገጃጀትና ወደ ምሁራን መጽሔት ስለ መላክ

ለዞንና ለወረዳ ሹማምንት፥ ለባለይዞታዎችና ለባለ ከብቶችም የቀረበ ትምህርት

የእርሻ ባለሙያ በመስክ ያየውን፥ የመዘነውንና የቈጠረውን ነገር ጽፎ ወደ ምሁራን መጽሔት መላክ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሹም ጥቂት አይደለም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ወረዳ የተገኘ ውጤት በሪፖርት ተጠርዞ በመደርደሪያ ላይ የቀረ እንደ ሆነ፥ ባለሙያው በተዛወረ ጊዜ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚተካው ሰው ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይጀምረዋል፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ይወጣል፤ ገበሬውም ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። በመጽሔት ታትሞ የወጣ እንደ ሆነ ግን ጽሑፉ ቀንና ስም ይዞ ይኖራል፤ ማንም ሰው አንሥቶ ሊመረምረው፥ ሊያጸናው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለሚጽፉት ባለሙያዎች ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ ፈቃድ ለሚሰጡት፥ ጊዜና ሚዛን ለሚፈቅዱት፥ ከብታቸውንና ማሳቸውን ለጥናት ለሚያቀርቡትም ሁሉ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ምሳሌያችንን ከሩቅ አገር አናመጣም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ዓለም ባንክ የሚባል ሠፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩት ቤቶች ነው። እንደ ሌሎቹ የከተማው ዳርቻዎች ሁሉ በዚያም በግቢው ላም አስሮ ወተት ለጎረቤት የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለች የከተማ ላም የምትበላው ድርቆሽ፥ ፉርሽካ፥ የጠላ አተላና የኑግ ፋጉሎ ነው። በዳዊት ግዛቸው መሪነት፥ የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ባልደረቦች ያሉበት ቡድን፥ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካለው የወተት አካባቢ 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙና ወስዶ መረመረ፤ ጽሑፉም ፉድ ኮንትሮል በሚባለው መጽሔት በ2016 ቅጽ ወጣ። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በሁሉም ወተት ውስጥ ተገኘ። መጠኑ በአንድ ሊትር ከ0.028 እስከ 4.98 ማይክሮግራም ነበር። የአውሮፓ ማኅበር ከሚፈቅደው ከ0.05 ያልበለጠው 9 ናሙና ብቻ ሲሆን፥ አሜሪካ ከምትፈቅደው ከ0.5 የበለጠው ግን 29 ነበር። በመኖው በኩል የመርዙ መብዛት ከኑግ ፋጉሎ ጋር ተያይዞ ተገኘ።

ይህ ወሬ በ2015 በከተማው በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ። ወሬው «ወተቱ ተመርዟል» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልነበረውም። ጽሑፉን ቁጭ ብሎ ያነበበ ሹም ግን ለሥራ የሚረዳውን ነገር ያገኛል። ከ110ሩ ናሙና 81ዱ ከአሜሪካኑ ወሰን ያልዘለለ መሆኑን ያያል፤ ነገሩ የሚጀምረው ከላሟ ሳይሆን ፋጉሎው ከሚከማችበት እርጥበት ካለው መጋዘን መሆኑን ይረዳል፤ ስለዚህ ባለ ላሙን ከመቅጣት የመኖ ነጋዴውን መጋዘን መመርመር እንደሚቀድም ይገነዘባል። ናሙናው ስንት እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ በምን እንደ ተለካ ባይጻፍ ኖሮ፥ ሹሙም እንደ ማንኛውም የገበያ ሰው በወሬው መደንገጥ ብቻ ይቀርለት ነበር።

እንግዲህ ወደ አዘገጃጀቱ እንግባ። ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄው አንድ መሆን አለበት። «በወረዳችን ያለው የወተት ሀብት ልማት ችግርና መፍትሔ» የሚል ርእስ ለስብሰባ ይበቃ ይሆናል፤ ለመጽሔት ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም መልሱ አንድ አይደለምና። «የኑግ ፋጉሎ የተጨመረላት ላም ካልተጨመረላት ይልቅ ስንት ሊትር ትሰጣለች?» የሚለው ግን መልስ አለው፤ መልሱም በሚዛን ይገኛል።

ጥያቄው ከተያዘ በኋላ አስቀድሞ ማን ምን እንደ ጻፈ መፈለግ ይገባል። በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንድ ምንጭ ስላለ ጥቂት እናስፋው። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰበ ወደ 9000 የሚሆን የማሽላ ዘር መርምረው፥ ላይሲን የተባለው የሰውነት መገንቢያ ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኝባቸው ሁለት ዘሮች ብቻ አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ይህን በ1973 ክሮፕ ሳይንስ በሚባለው መጽሔት አሳተሙ። የወሎ ገበሬ ግን እንዲህ ያለውን ማሽላ ከጥንት ጀምሮ ለይቶ ያውቀው ነበር፤ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ሰይሞ፥ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ እየዘራ፥ እሸቱን በእሳት እየጠበሰ ይበላው ነበር። የላይሲንን ስም አያውቅም፤ ጣዕሙንና የሚሰጠውን ብርታት ግን ያውቃል። ስለዚህ በወረዳ የሚጽፍ ባለሙያ ከቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ፤ የዘሩን፥ የበሽታውን፥ የአረሙን የአገር ስም ከነትርጓሜው በጽሑፉ ያግባ። ይህን በማድረጉ ጽሑፉ የጎደለው ክብር አይኖርም፤ ይልቁንም በሌላ አገር ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ያገኛል።

ታትመው የወጡትን ጽሑፎች ለመፈለግ ዛሬ ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2003 አጎራ የሚባለውን አገልግሎት አቋቁሞ፥ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ያሉ ተቋሞች የእርሻ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ክፍያ እንዲያነቡ አድርጓል። የአፍሪካ መጽሔቶች ስብስብ የሆነውም አጆል ከ1998 ጀምሮ የብዙ ኢትዮጵያውያን መጽሔቶችን ጽሑፎች በኢንተርኔት ያቀርባል። ወረዳው አንድ ኮምፒዩተርና የማይቋረጥ መስመር ቢኖረው ለዚህ ይበቃል።

የጥናት ጽሑፍ በተለመደው ሥርዓት መግቢያ፥ የአሠራር ዘዴ፥ ውጤትና ውይይት የሚባሉ ክፍሎች አሉት። መግቢያው አጭር ይሁን። ስለ ኢትዮጵያ የቆዳ ስፋትና ስለ ሕዝቧ ብዛት ሁለት ገጽ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የመጽሔቱ አርታኢ ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል። መግቢያው ሦስት ነገር ይናገር፤ የሚታወቀው ምንድን ነው፥ ያልታወቀው ምንድን ነው፥ ይህ ጥናት ከዚያ ካልታወቀው የትኛውን ሊመልስ ተነሣ።

የአሠራር ዘዴ የሚባለው ክፍል ግን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌላ ሰው ይህን ክፍል አንብቦ ሥራውን በሌላ ቦታ ሊደግመው መቻል አለበት። የጤፍ ነገር ይህን ደኅና አድርጎ ያስረዳል። የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽ በመሆኑና ራሱን በራሱ ስለሚያራባ፥ ሁለት ዓይነት ጤፍ በእጅ ማዳቀል ለብዙ ጊዜ የማይቻል ይመስል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ አበባው የሚከፈተው በማለዳ፥ ያውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ፥ በእኛ ሰዓት አቈጣጠር ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ መሆኑን አስተውለው ጻፉ። ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ ሌሎችም በማጉያ መነጽር ሥር ተቀምጠው ማዳቀል ቻሉ፤ በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የተገኘውና በ2006 ለገበሬ የተለቀቀው ቁንጮ የሚባለው ጤፍ የዚህ የማዳቀል ሥራ ፍሬ ነው። ያ ጽሑፍ «በማለዳ» ብሎ ብቻ ቢተወው ኖሮ ስንት ሰው ስንት ማለዳ በከንቱ በደከመ ነበር።

አሁን ወደ ዓለም ባንክ ላሞች እንመለስና አንድ ነገር በምሳሌ እናስብ። አንድ የእንስሳት ባለሙያ በዚያ ሠፈር በሃያ ላሞች ላይ ሥራ ሠርቶ፥ በመጀመሪያው ረቂቁ «ላሞቹ በቂ ፋጉሎ ተሰጣቸው፤ ወተታቸውም በጣም ጨመረ» ብሎ ጻፈ እንበል። ይህ ዐረፍተ ነገር ለጎረቤት ቢነገር ማንም አይቃወመውም። ገምጋሚው ግን ይጠይቃል፤ «በቂ» ስንት ኪሎ ነው? በቀን ስንት ጊዜ ተሰጠ? ፋጉሎው ከየት ተገዛ፥ ስንት ቀን ተቀመጠ? ላሞቹ የአገር ዘር ናቸው ወይስ የተዳቀሉ? ከወለዱ ስንት ወር ሆናቸው? ላም ከወለደች በሁለተኛው ወርና በስምንተኛው ወር የምትሰጠው ወተት አንድ አይደለምና። ወተቱ የተለካው በጣሳ ነው ወይስ በሚዛን? ጥጃው አስቀድሞ ጠብቷል ወይስ አልጠባም? የጠባ እንደ ሆነ የጠባው ወተት በቁጥሩ ውስጥ ገብቷል? የታረመው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ለአሥሩ ላሞች በየቀኑ 2 ኪሎ ግራም የኑግ ፋጉሎ በጧትና በማታ ለሁለት ተከፍሎ ተሰጣቸው፤ የቀሩት አሥሩ የቀድሞ መኗቸውን ብቻ በሉ፤ ወተቱም በየዕለቱ ሁለት ጊዜ ታልቦ ለ60 ቀን ተመዘነ።» ረዘም ይላል፤ ነገር ግን በሐዋሳም በጎንደርም ያለ ሰው ሊደግመው ይችላል።

ከዚህም የሚብስ ስውር ጥያቄ አለ። አሥሩን ላሞች ማን መረጣቸው? ባለ ላሞቹ ራሳቸው የመረጡ እንደ ሆነ ፋጉሎውን የሚሰጡት ደኅና ለምትታለበው ላም ነው፤ ይህ የሰው ባሕርይ ነው። ከዚህ በኋላ የሚታየው የወተት ልዩነት የፋጉሎ ይሁን የላሟ ማንም ሊለየው አይችልም። ስለዚህ በዘርና በወለዱበት ወር የሚቀራረቡትን ላሞች ጥንድ ጥንድ አድርጎ፥ ከየጥንዱ አንዲቱን በዕጣ መለየት ያስፈልጋል። ዕጣ መጣል ለቤተ ክርስቲያንና ለዕቁብ ብቻ ሳይሆን ለምርምርም የተገባ ሥርዓት ነው፤ የተጣለውም በምን ዓይነት እንደ ሆነ ይጻፋል።

የመሬት ሥራ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ስለ መስፈሪያው ይታሰብ። ጥማድ፥ ቁና፥ ሸክም፥ እስራት የሚባሉት ከአገር አገር፥ አንዳንዴም ከመንደር መንደር ይለያያሉ። ገበሬው በነዚህ ቢናገር አይፈረድበትም፤ ጸሐፊው ግን የዚያን መንደር ቁና በራሱ ሚዛን መዝኖ፥ ጥማዱንም በሜትር ለክቶ ወደ ኪሎ ግራምና ወደ ሄክታር ይመልስ። ከሌላ ሪፖርት የተገለበጠ መለወጫ አይታመንም።

በውጤት ክፍል የተገኘው ብቻ ይነገራል፤ ምክንያቱ ለውይይቱ ይቆያል። በሠንጠረዥ የተጻፈ ቁጥር በዐረፍተ ነገር አይደገምም። አማካይ ቁጥር ብቻውን እንደሚያታልል አይዘንጋ። አሥር ላሞች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሊትር ቢጨምሩ አማካዩ ግማሽ ሊትር ነው፤ አንዲት ላም ብቻዋን አምስት ሊትር ጨምራ ዘጠኙ ምንም ባይጨምሩም አማካዩ ያው ግማሽ ሊትር ነው። የመጀመሪያው የመኖ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ስለዚያች አንዲት ላም ይነግረናል እንጂ ስለ ፋጉሎ የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ የቁጥሩ ስፋት፥ ማለት ከታችኛው እስከ ላይኛው፥ ከአማካዩ ጋር ይጻፍ፤ የስታቲስቲክስ ስሌቱንም የሚያውቅ ሰው ከሥራው መጀመሪያ ጀምሮ ይማከር። መዝገቡ ከተሞላ በኋላ የሚጠራ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሕመምተኛው ካረፈ በኋላ እንደሚጠራ ሐኪም ነው፤ የሞቱን ምክንያት ይናገር ይሆናል እንጂ አያድንም።

በውይይቱ ጸሐፊው ውጤቱን ከሌሎች ጋር ያስተያያል፤ የሥራውንም ድካም ራሱ ይናገራል። «ሥራው በበጋ ብቻ ስለ ተደረገ ስለ ክረምት መናገር አይቻልም» ብሎ የጻፈ ሰው አልተዋረደም። ይህን ሳይጽፍ ቀርቶ ገምጋሚው ሲያገኝበት ግን የቀረው ጽሑፍ ሁሉ ይጠረጠራል።

ስለ አጽሕሮተ ጥናት አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ብዙ አንባቢ ከጽሑፉ የሚያነበው ይህን ብቻ ነው፤ ሚኒስቴርም፥ ጋዜጣም፥ የሌላ ወረዳ ሹምም ከዚህ አያልፍም። መጽሔቶች ብዙውን ጊዜ ከ250 ቃል ወይም በዚያ ገደማ እንዳይበልጥ ይወስናሉ። በዚያች ጠባብ ቦታ ጥያቄው፥ የናሙናው ብዛት፥ ዘዴውና ዋናው ቁጥር መግባት አለባቸው። ከላይ የነገርነው የወተቱ ጥናት አጽሕሮት ቁጥሮቹን በግልጽ ስለ አስቀመጠ ነው ዛሬ እኛ ያለ ማጋነን ልንጠቅሰው የቻልነው። «ውጤቱ ተብራርቷል፤ ምክርም ቀርቧል» የሚል አጽሕሮት ግን ሳጥኑን አሳይቶ ቁልፉን እንደ መደበቅ ነው። አጽሕሮቱ በመጨረሻ ይጻፍ፤ ርእሱም እንዲሁ።

ስለ ጸሐፊዎች ስም ለሹማምንት በግልጽ መናገር ይገባናል። ፈቃድ የሰጠ፥ መኪና ያዘዘ ወይም ደብዳቤ የፈረመ ሹም በዚህ ምክንያት ብቻ የጽሑፉ ጸሐፊ አይሆንም። በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች አርታኢዎች ኮሚቴ የተወሰነውና በሌሎች የትምህርት መስኮችም የሚሠራበት ደንብ አራት ነገር ይጠይቃል፤ በሥራው አሳብ ወይም በመረጃው ላይ ዋና ድርሻ መኖር፥ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቅ ማረም፥ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፥ ለጽሑፉም እውነተኛነት መጠየቅ። አራቱንም ያላሟላ ሰው በምስጋና ክፍል ይጠቀሳል፤ ይህም ክብር ነው። በአንጻሩ ሚዛኑን ይዞ በየማለዳው የወጣውን፥ መረጃውን የመረመረውንና የጻፈውን ወጣት ባለሙያ ስም ማውጣት ስርቆት ነው። ነገሩ የሚወሰነው ጽሑፉ ከተጻፈ በኋላ ሳይሆን ሥራው ሲጀመር ነው፤ በወረቀትም ይስፈር።

የባለ ላሙና የባለ ማሳው ፈቃድም በጽሑፍ ይያዝ፤ ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ በምስክር ፊት ይነበብለት። ዘር፥ ቅጠል ወይም ሌላ የብዝኀ ሕይወት ናሙና ከአገር የሚወጣ እንደ ሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/2006 መሠረት ከኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ይህ ከንቱ ወረቀት የሚመስለው ሰው ካለ የጤፍን ጒዳይ ያስታውስ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የባለቤትነት መብት በአውሮፓ አውጥቶ ነበር፤ በ2018 ግን የሔግ ፍርድ ቤት ሥራው የፈጠራ ደረጃ የለውም በማለት መብቱ በሆላንድ አገር እንዳይጸና ፈረደ። አንድ ነገር አዲስ አለመሆኑን ለማስረዳት ቀን የተጻፈበት፥ አስቀድሞ የታተመ ጽሑፍን የሚያህል ምስክር አይገኝም። በየወረዳው መደርደሪያ የተኛው ሪፖርት ለዚህ ምስክርነት በቀላሉ አይደርስም።

መጽሔት ስለ መምረጥ። የአገራችን የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ተቋቁሞ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ የእርሻ ሳይንስ መጽሔትን ያወጣል። የእንስሳት ሀብት ባለሙያዎች ማኅበር የራሱ መጽሔት አለው፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የምሥራቅ አፍሪካ የሳይንስ መጽሔትን ያሳትማል። የዓለም ባንክ ላሞች ጥናት ለማኅበሩ መጽሔት የሚስማማ ይመስለናል፤ ወደ ውጭ አገር መጽሔት መላክም ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ያ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመቶች ያወጣቸውን ጽሑፎች ማየት፥ የጸሐፊዎችንም መመሪያ ቃል በቃል መከተል ያስፈልጋል። የገጽ ብዛት፥ የዋቢ ጽሑፎች አጻጻፍ፥ የሠንጠረዥ ቅርጽ በየመጽሔቱ ይለያያል፤ ከመመሪያው የወጣ ጽሑፍ ገምጋሚ ሳያየው ሊመለስ ይችላል።

ከዚህ ጋር የማስጠንቀቂያ ቃል አለን። «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፥ ጽሑፍዎን በሦስት ቀን አሳትመን እናወጣለን የሚል፥ ከዚያም ገንዘብ የሚጠይቅ የኢሜይል መልእክት የደረሰው ባለሙያ ከእንግዲህ ወዲያ አይደሰት። ገንዘብ የሚያስከፍል ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ ብዙ የታወቁ መጽሔቶችም ጽሑፉን ለሁሉ ክፍት ለማድረግ ያስከፍላሉ፤ ከድሀ አገር የመጣውንም ይቅር ይላሉ። ነገር ግን ጽሑፍን በእውነት የሚገመግም ሰው በሦስት ቀን አይጨርስም። አርታኢዎቹ እነማን እንደ ሆኑ፥ አድራሻቸው የት እንደ ሆነ፥ ክፍያው አስቀድሞ በግልጽ ተጽፎ እንደ ሆነ ይመርመር። የወረዳው ገንዘብ ለእንዲህ ያለው መጽሔት እንዳይከፈል መከልከል የሹሙ ሥራ ነው። ደግሞም ዛሬ በራሳቸው ጽሑፍ የሚጽፉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ወጥተዋል፤ ብዙ መጽሔቶች ጸሐፊው በነዚህ ተረድቶ እንደ ሆነ እንዲገልጽ ያስገድዳሉ፤ ፕሮግራሙንም እንደ ጸሐፊ አይቀበሉም። እነዚህ ፕሮግራሞች ያልነበረ ጽሑፍ እንደ ነበረ አድርገው በዋቢነት ሊጠቅሱ ስለሚችሉ፥ እያንዳንዱን ዋቢ ጸሐፊው ራሱ ከፍቶ ይይ።

ጽሑፉ ሲላክ ለአርታኢው አንድ አጭር ደብዳቤ አብሮ ይሄዳል፤ ጥያቄው ምን እንደ ነበረ፥ ምን እንደ ተገኘ፥ ለዚያ መጽሔት አንባቢ ለምን እንደሚጠቅም፥ ጽሑፉም በሌላ ቦታ እንዳልታተመና እንዳልተላከ ይናገራል። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ ክልክል ነው። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ይመጣል፤ ወራትም ይፈጃል።

የግምገማው መልስ በመጣ ጊዜ ብዙ ጸሐፊ ይቆጣል። ስለዚህ ነገር የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ በሚከተለውም ዓመት የመጀመሪያውን ጽሑፍ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ከዚያ በኋላ ግን በዓለም ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጀባቸው፤ እንዶድ ሰውንና ሌላውን ፍጥረት እንደማይጎዳ በዓለም አቀፉ የላቦራቶሪ ደንብ መሠረት ይረጋገጥ ተባለ፤ ይህም በአገር ውስጥ ያልነበረ መሣሪያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው ለድሀ አገር ከባድ ነበር፤ ከንቱ ግን አልነበረም፤ ወደ ውሃ የሚገባ ነገር ሰው ስለሚጠጣው መመርመር አለበትና። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ሥራውን ሳይተዉ ቀጥለው፥ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ስለዚህ የገምጋሚው አስተያየት እያንዳንዱ ተቈጥሮ በየተራው ይመለስለት። የተቀበሉት ነገር በየትኛው ገጽ እንደ ታረመ ይጻፍ፤ ያልተቀበሉትም በማስረጃና በትሕትና ይመለስ። ገምጋሚው ነገሩን በተሳሳተ መንገድ የተረዳው እንደ ሆነ፥ ሌላውም አንባቢ እንዲሁ ሊረዳው ስለሚችል ዐረፍተ ነገሩ ይስተካከል። መጽሔቱ ጨርሶ ያልተቀበለው እንደ ሆነ፥ በአስተያየቱ ታርሞ ወደ ሌላ መጽሔት ይላክ፤ ይህ በታወቁ ምሁራንም ላይ ዘወትር የሚደርስ ነገር ነው።

ጽሑፉ በታተመ ጊዜ አንድ ቅጂ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፥ አንድ ቅጂ ለክልሉ ወይም ለከተማው የእርሻ ቢሮ ይሰጥ። እነዚህ መጽሔቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ባለሙያው ውጤቱን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ አማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ፥ ላሞቻቸውን ላቀረቡት ሰዎች በቀበሌው ስብሰባ ያንብብላቸው፤ ፋጉሎው ስንት ኪሎ እንደ ተሰጠ፥ ወተቱ ስንት እንደ ሆነ፥ የሻገተ ፋጉሎ እንዴት እንደሚለይና ለምን እንደሚጣል ይንገራቸው፤ ጥያቄያቸውንም ይመዝግብ። በየማለዳው የተሞላው የሚዛን መዝገብ ከነእድፉ በጽሕፈት ቤቱ ቢያንስ አምስት ዓመት ይቀመጥ፤ ባለሙያው የተዛወረ እንደ ሆነም ርክክቡ በፊርማ ይሁን።